ዕድሜ ሲገፋ የማወቅ ጉጉት ይቀንሳል እንዴ?

ጠያቂ (ጅማ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 67 ዓመቱ ነው። ስለ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ካነሳሁበት ጅሬን ድረስ ይዞኝ ወጥቶ እያንዳንዱን ክፍል ሲያስረዳኝ ይውላል፣ ስለ አዲስ ስልክ ግን አንድ ደቂቃ አይሰማኝም። እኔና እኩዮቼ ደግሞ ሁሉንም እንነካካለን፣ አንዱንም አንጨርስም። ጉጉት ከዕድሜ ጋር ይሞታል?

መልስ 1፦
አይሞትም፣ መራጭ ይሆናል እንጂ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሬይመንድ ካቴል የማሰብ ችሎታን ለሁለት ከፍሎታል። አዲስ ችግር ቶሎ የመፍታት አቅም ከወጣትነት በኋላ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የቃላት ሀብትና የተጠራቀመ ዕውቀት ግን እስከ 60ዎቹ ዕድሜ ሊያድግ ይችላል። አባትህም የሚጓጓው ከሚያውቀው ጋር ለሚገናኝ ነገር ነው።

መልስ 2፦
ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የቀረን ጊዜ አጭር መሆኑ ሲሰማን ትርጉም ላለው ነገር እናደላለን። ስልኩን ስታሳየው ግን ከእጁ አትንጠቀው፣ ራሱ ይነካካው። የልጅ ልጄ እንዲህ ታግሣ ስላስተማረችኝ ዛሬ የቡና ዋጋ በራሴ ስልክ አያለሁ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ማታ ቡና ላይ እሞክረዋለሁ።