ክርክር፦ እግዚአብሔር ይቅር ካለኝ የገበሬው ገንዘብ ይቀርልኛል?

የሰንበት ተማሪ (ጅማ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትንሣኤን በሰላም ላደረሰን አምላክ ክብር ይሁንና አንድ ጥያቄ ላንሣ። በእኛ አገር ቡና ሲገዛ ሚዛን እንዴት እንደሚሰረቅ የማያውቅ የለም። ጆንያው ሚዛኑ ላይ ሲንጠለጠል ገዢው ከሥር በጉልበቱ ደገፍ ያደርገዋል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ከዚያ ላይ ግማሽ ኪሎ ቢጎድል ገበሬው በምን ያውቃል? እንዲህ ሲያደርግ የኖረ ሰው ስቅለት ዕለት ሲሰግድ ዋለ እንበል። ሲመሽ ቄሱ በወይራ ቅጠል ጀርባውን መታ መታ አድርገው የስግደቱን ቁጥር ነገሩት። ቤቱ ገብቶ ጨረሰ። አሁን ከገበሬው ጋር ያለው ነገር አልቋል? እኔ አላለቀም ባይ ነኝ።

ጸጋው ይበቃል፦ ወንድሜ፣ አካሄድህ ያስፈራኛል። ኤፌሶን 2፥8 እና 9 የዳንነው በጸጋ እንጂ በሥራ እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። «መጀመሪያ ክፈል፣ ከዚያ ይቅር ትባላለህ» ካልን የክርስቶስን ደም ጎዶሎ አደረግነው። በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴ ለማን ምን መለሰ? በዚያው ዕለት ገነት ገባ።

የሰንበት ተማሪ፦ ፊያታዊ ዘየማን እኮ መስቀል ላይ ነው። ከዚያ ወርዶ የማንን በር ያንኳኳ? ጤነኛ ሆኖ በየሳምንቱ ገበያ ከሚወጣ ሰው ጋር አይወዳደርም። ዘኬዎስን ተመልከት። የሀብቱን ግማሽ ለድሆች፣ ለበደለው ደግሞ አራት እጥፍ ነው ያለው።

ጸጋው ይበቃል፦ ልክ ነህ፣ ግን ቅደም ተከተሉን አትዝለል። ጌታ ቤቱ ሊገባ የጠራው ገና ሳንቲም ሳይመልስ ነው። መመለሱ የመዳኑ ፍሬ ነው፤ መዳኑን አልገዛበትም።

የሰንበት ተማሪ፦ በዚህስ አንጣላም። በእኛም በኦርቶዶክሶች ቤት ቀኖና፣ ማለትም የንስሐ አባት የሚያዝዘው ጾምና ስግደት፣ መድኃኒት ነው እንጂ ዋጋ አይደለም። የአዳምን ዕዳ የከፈለው ክርስቶስ ብቻ ነው። እኔ የምለው፣ እሱ የከፈለልኝ ለእግዚአብሔር ያለብኝን ነው፤ የገበሬው ቡና ግን አሁንም እኔ ቤት ነው። ዘኍልቍ 5ን እዩት። የበደለ ሰው ይናዘዛል፤ የወሰደውን ከነአንድ አምስተኛው ጨምሮ ለባለቤቱ ይመልሳል። የማስተስረያው አውራ በግ ደግሞ ለብቻው ነው። በጉ ስለቀረበ ገንዘቡ አልቀረም፤ ገንዘቡ ስለተመለሰም በጉ አልቀረም። የበጉን ቦታ ክርስቶስ አንድ ጊዜ ፈጽሞታል። ገንዘቡን ግን ማን ሰረዘው?

የአጋሮ ልጅ፦ ሁለታችሁም ስለ ኃጢአተኛው ነፍስ ብቻ ነው የምታወሩት። ገበሬውስ? እኔ የቡና ገበሬ ልጅ ነኝ። ለእኛ ቤት ያ የጎደለው ኪሎ ደብተር ነው፣ ጫማ ነው። ሊጠይቀኝ ቢመጣ ይቅር እለዋለሁ፤ ሰባ ጊዜ ሰባት የተባልነው እኛም ነን። ነገር ግን በደጃችን እያለፈ እኛን ሳያናግር «በደሙ ታጥቤያለሁ» ቢል ያማል። ማቴዎስ 5 ላይ መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ተብሏል እኮ።

የቆጪ ልጅ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ስለ መስቀሉ በምትከራከሩት አልገባም። ግን በእኛም ዘንድ የሰው ሐቅ ሳይመለስ ተውበት (ንስሐ) አይሞላም።

ጸጋው ይበቃል፦ የአጋሮው ወንድሜ፣ ያልከው ልቤን ነክቶታል። መመለስ እንዳለበት አልክድም። የእኔ ፍርሃት ለድሃው ነጋዴ ነው። ከስሮ ባዶ እጁን የቀረ ሰው ሁሉንም እስኪመልስ ድረስ ይቅርታ የለህም ሊባል ነው?

የሰንበት ተማሪ፦ አይባልም። ያለውን ይመልሳል፤ ለሌለው ሄዶ ይለምናል። ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ በየመከሩ ቢከፍልም ይቻላል። የምቃወመው ያለው ሰው ሲተኛበት ነው።

ወለተ ማርያም፦ ገበሬው ሞቶ ከሆነስ? ከብዙ ዓመት በኋላ ማን ስንት እንደጎደለበት በምን ይታወቃል?

የሰንበት ተማሪ፦ እዚያው ዘኍልቍ ላይ አለ። ባለቤቱ ከሌለ ለቅርብ ዘመዱ፣ ዘመድ ከሌለ ለእግዚአብሔር ሆኖ ለካህኑ ይሰጣል። መጠኑ ካልታወቀ ወደ ራስ ሳያደሉ ገምቶ ከፍ አድርጎ መስጠት ነው።

የአጋሮ ልጅ፦ እሱ ነገር ለብዙ ሰው ማምለጫ እንዳይሆን። ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ጥሎ መገላገል ይቀላላ።

የሰንበት ተማሪ፦ ዘመድ ከሌለ ነው የሚለው። የሟቹ ልጆች እዚያው ቀበሌ እያሉ ሙዳየ ምጽዋት ጋ አይደረስም። መጀመሪያ የሚኬደው እነሱ ቤት ነው።