የላብራቶሪ ዲፕሎማ ይዘጋ ወይስ ይቀጥል?

የተማሪ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶ አልሞላላትም። እዚሁ ሐዋሳ በሜዲካል ላብራቶሪ ሌቭል 4 (ዲፕሎማ) ላስመዘግባት ነው። አንድ የቤተሰብ ወዳጅ ግን «በሰው ደም የሚሠራ ሰው ዲግሪ ያስፈልገዋል፤ ዲፕሎማውን ጭራሽ መዝጋት ነበር» አለኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ልጅቷን የማስገባት ነገር ከብዶኛል።

መምህሩ፦
እኔም ይዘጋ ባይ ነኝ። እመቤቴ፣ ልጅዎን ለማሳዘን አይደለም። ዛሬ ማሽኑ ቁጥሩን አውጥቶ ይሰጥዎታል። ሥራው ቁጥሩ ትክክል ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ደም ሲቀዳ ቀይ ሴሎቹ ከፈነዱ በውስጣቸው ያለው ፖታሺየም ይወጣል። ውጤቱ ያለ ምክንያት ከፍ ይላል። ሐኪሙ ያንን አምኖ ሕክምና ቢጀምር በሽተኛው ይጎዳል። ይህን ለመጠርጠር ፊዚዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ በደንብ መማር ያስፈልጋል። በዲግሪ 4 ዓመት የሚፈጀው በከንቱ አይደለም።

ከጤና ጣቢያ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የጠቀሱት ነገር ዲፕሎማ ላይም ይሰጣል። ሴረሙ (ከደሙ የሚለየው ፈሳሽ) ከቀላ እንጥለዋለን፤ ደግመን እንቀዳለን። እኔ በዲፕሎማ ጀምሬ በኋላ ዲግሪ የሠራሁ ነኝ፤ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ።

ክረምት ሲወጣ ጤና ጣቢያ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ከቱላ በባጃጅ የመጣች እናት ልጇ አተኩሶት አቅፋው ትጠብቃለች። ቢኤፍ፣ ማለትም የወባ የደም ምርመራ፣ ታዟል። ስላይዱ ላይ አንድ ወፍራም፣ አንድ ቀጭን የደም ጠብታ ትሠራለህ። ሜታኖል የሚነካው ቀጭኑን ብቻ ነው። ወፍራሙን ከነካው ቀይ ሴሎቹ አይፈርሱም፤ ያን ጊዜ ስላይዱ አይነበብም። ከዚያ ጊምሳ የሚባለው ቀለም፣ ከዚያ በ100ው ሌንስ ከነዘይቱ ማየት። «የለም» ለማለት ቢያንስ 100 ቦታ ማየት አለብህ። ከተገኘም የወባው ዓይነት ፋልሲፓረም ነው ወይስ ቫይቫክስ የሚለውን መለየት ግድ ነው። ለፋልሲፓረም ኮአርተም ይሰጣል። ቫይቫክስ ግን ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚቀር ከክሎሮኪን ሌላ ፕሪማኪን ይፈልጋል። ካልተለየ ልጁ ከወራት በኋላ እንደገና ሊታመም ይችላል።

ይህን ሁሉ እጄ የለመደው በዲፕሎማ ነው። ዲግሪው የሰጠኝ ሌላ ነው። ኢሚዩኖሎጂውን (የሰውነት መከላከያ ትምህርት)፣ የጥራት ቁጥጥሩን፣ የማሽኑ ውጤት ቀስ በቀስ ከትክክሉ ሲያጋድል ቀድሞ ማወቁን። ትልቅ ነገር ነው፤ አልክድም። ግን ዲፕሎማው ተዘግቶ ቢሆን እኔ ዛሬ እዚህ አልነበርኩም።

የታቦር ልጅ፦
ቁጥሩንም እንይ እንጂ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2016 ደግሞ 5.4። ዲግሪ ብቻ ከተባለ የገጠር ጤና ጣቢያ ማን ይግባ?

መምህሩ፦
ወንድሜ፣ ይህ ክርክር አይዋጥልኝም። ፈተና የወደቀው መብዛቱ ለታካሚው ምኑ ነው? ታካሚው የሚፈልገው ትክክለኛ ውጤት ነው። ትምህርታችን ስለተዳከመ የላብራቶሪውን ደረጃ ዝቅ እናድርግ ማለት ችግሩን ወደ በሽተኛው መግፋት ነው። ዲግሪው ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለበት። 50 ያላመጣ አይመረቅም።

ከጤና ጣቢያ፦
ልክ ነዎት፤ ዲፕሎማውም ግን ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) አለበት። ችግሩ የወረቀቱ ደረጃ አይመስለኝም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ተለማማጅ ሆነው ወደ እኛ የሚመጡ ልጆች አሉ። ሌንስ ማስተካከል የማይችል ሰልጣኝ አይቻለሁ። የዲፕሎማም የዲግሪም ተማሪ ነበረበት። ኮሌጃቸው አንድ ማይክሮስኮፕ ለስንት ሰው እንደሚያካፍል እሱ ይወቀው። መዘጋት ያለበት ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ነው እንጂ ዲፕሎማ አይደለም።

ሌላው ደግሞ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ የሚያወጣው መሰላል ነው። እኔ ዲግሪ ስገባ የማውቀውን ሁሉ ከሀ ጀምሬ ተማርኩት። ስቴይኒንግ (ስላይድ ማቅለም) ሲያስተምሩኝ ዓመታት ሠርቼበት ነበር። የሠራ ሰው የሚያውቀው ተፈትኖ ቢያዝለት፣ ጊዜው ለኢሚዩኖሎጂና ለሞለኪውላር (የዘረመል) ምርመራ ቢውል እንዴት ጥሩ ነበር። ይህ ከተስተካከለ ጋሼ የፈለጉት እውቀትም ይመጣል፤ የጤና ጣቢያውም ወንበር ባዶ አይሆንም።

ዲግሪ የያዝኩት፦
እኔ በላብራቶሪ ዲግሪ ይዤ ሥራ እየፈለግኩ ነው። ያየኋቸው የክሊኒክ ማስታወቂያዎች «ሌቭል 4፣ ሲኦሲ ያለው» ነው የሚሉት። ደመወዙን ለመቀነስ ነው። መምህር ያሉት ቢሆን ለእኔ ይጠቅመኛል። ቢሆንም ይዘጋ ማለት አልችልም። እህቴ በዲፕሎማ ነው ቤት የምትረዳው። ለእያንዳንዱ ሥራ ደረጃው ተለይቶ ቢጻፍ ይበቃኛል፤ ካልቸር (ጀርም አሳድጎ መለየት) እና ጂን ኤክስፐርት (ቲቢን በዘረመል የሚለይ ማሽን) ያለበት ላብራቶሪ ቢያንስ አንድ ባለ ዲግሪ ኃላፊ ይኑረው።

መምህሩ፦
በዚህኛው እስማማለሁ። ኃላፊው ባለ ዲግሪ ይሁን። ጤና ጣቢያ ላይ ግን ብቻውን የሚሠራ ባለ ዲፕሎማ ውጤቱን ማን ያይለታል? በየጊዜው ስላይዱ ተወስዶ በሌላ ሰው እየተነበበ ካልሆነ አልተዋጠልኝም።

ከጤና ጣቢያ፦
እሱማ መሆን አለበት። ለባለ ዲግሪውም ጭምር።

የተማሪ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ ትግባ ብዬ ወስኛለሁ። ኮሌጁ የማታ ክፍልም አለው፤ ቀን ቀን ሱቅ ታግዘኝ ነበር። የማታው ይሻላል?

ከጤና ጣቢያ፦
እናቴ፣ የማታውን አልመክርዎትም። የላብራቶሪ ሰው የሚሠለጥነው ናሙና ባለበት ሰዓት ነው፤ ብዙ ታካሚ የሚመጣው ደግሞ ጠዋት ነው። ከመክፈልዎ በፊት ቤተ ሙከራውን አሳዩኝ ይበሉ። ማይክሮስኮፑን ይቁጠሩ። ለልምምድ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚልኳት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ፣ የኮሌጁ ፈቃድ የታደሰ መሆኑን ይጠይቁ። ሱቁን ቅዳሜና እሁድ ታግዝዎት።