የሰንሩፍ መስታወት ላስቀይር ነው፤ ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ምን ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ የቱሳን ባለቤት፣ ገርጂ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሐሙስ ከመገናኛ ወደ ቤት እየነዳሁ ከራሴ በላይ ጥይት የተተኮሰ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። የወደቀብኝ ነገር አላየሁም። ከፊቴም የጭነት መኪና አልነበረም። ዳር ይዤ ቆሜ ቀና ስል የሰንሩፉ፣ ማለትም የጣሪያው መስኮት፣ መስታወት ደቅቋል። የውስጥ መጋረጃው ተዘግቶ ስለነበር አብዛኛው ፍርፋሪ እዚያው ላይ ቀረ። የአራት ዓመት ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ተመስገን፣ አንድ ፍሬ እንኳ አልነካትም።

መኪናዋ የ2017 ሃዩንዳይ ቱሳን ናት፤ ፓኖራሚክ ነች፣ ጣሪያዋ በአብዛኛው መስታወት ነው። የፊቱ መስታወት ይከፈታል፣ የኋላው አይንቀሳቀስም። የተሰበረው የፊቱ ነው።

ሁለት ጋራዥ ደወልኩ። የአንዱ ዋጋ የሌላውን እጥፍ ነው። ርካሹ «እቃው አለ፣ ግማሹን ቀብድ አስገቢና ቅዳሜ ነይ» አለኝ። ውዱ ደግሞ «ከዱባይ ነው የሚመጣው፣ ሁለት ሳምንት ትጠብቂያለሽ» አለ። ሐምሌ ነው፤ መኪናዋ በላስቲክ ተሸፍና ግቢ ቆማለች። ዋጋ መከራከር እችላለሁ። ስለ እቃው ግን ምንም አላውቅም። ብሩን ከማስገባቴ በፊት ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

መልስ፦ የመኪና መስታወት ባለሙያ

ልጄ፣ እንኳን ሕፃኗ ተረፈች። መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ መጋረጃውን እንዳትከፍቺው። ላዩ ላይ ያለው ፍርፋሪ መስታወቱ ወደሚንሸራተትበት ሐዲድ ይገባል፣ ወንበሩም ላይ ይራገፋል። ላስቲኩንም በፕላስተር ቀለሙ ላይ ለጥፈሽ ከሆነ በየቀኑ እያየሽ ቀይሪው፤ ከቆየ ሙጫው ቀለም ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ስንት ነው?» ከማለትሽ በፊት «የምትገጥሙልኝን መስታወት ጥግ ፎቶ አንሥታችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ» በያቸው። ትክክለኛ የመኪና መስታወት ጥጉ ላይ የማይለቅ ጽሑፍ አለው። የአምራቹ ስም ይኖራል። በክብ ውስጥ የተጻፈ የኢ (E) ፊደልና ቁጥር፣ ወይም የአሜሪካው «ዶት» (DOT)፣ ለቻይና ገበያ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ሦስት ሲ (CCC) ያለበት ምልክት ታያለሽ። እቃው በእጁ ያለ ሰው ፎቶ ለማንሣት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ብዙ ጊዜ «አለ» ሲባል ግን «ሶማሌ ተራ ከማውቀው ሰው ፈልጌ አመጣለሁ» ማለት ነው። ፈልጎ ማምጣቱ ነውር የለውም። ግን ይንገርሽ፣ ቀብዱም እቃውን ካየሽ በኋላ ይሁን።

ሁለተኛው የውሃ መውረጃ ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምይዘው ይሄን ነው። ሰው ሰንሩፍ ውሃ ጨርሶ አያስገባም ብሎ ያስባል። የዙሪያው ጎማ ጥቂት ውሃ ያሳልፋል፤ የተሠራውም እንደዚያ ታስቦ ነው። ያለፈው ውሃ ከሥር ባለው ቦይ ይሰበሰብና በአራቱ ጥግ ባሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ መሬት ይወርዳል። የፊቶቹ በፊት መስታወቱ ግራና ቀኝ ባሉት ምሰሶዎች ውስጥ ያልፋሉ፤ የኋላዎቹ ከኋላ ይወርዳሉ። መስታወቱ ሲደቅ ፍርፋሪው የት የሚገባ ይመስልሻል? እነዚሁ ቱቦዎች ውስጥ ነው። አዲስ መስታወት ገጥሞ ቱቦውን ያላጸዳ ሰው ሥራውን አልጨረሰም። በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ውሃው በጣሪያው ጨርቅ በኩል እግርሽ ሥር ይመጣል፤ ወለሉ ሥር ያለው ሽቦም ይበላሻል።

ስለዚህ «ሐዲዱንና አራቱን ቱቦዎች ታጸዳላችሁ ወይ? ዋጋው ውስጥ አለ ወይ? ስትጨርሱስ እኔ ቆሜ እያየሁ ውሃ ታፈሱበታላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ሦስተኛውን ሲሰሙ ድምፃቸው ከተለወጠ ሌላ ጋራዥ ፈልጊ።

የቱሳን ባለቤት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁኑኑ ደወልኩ። ርካሹ ጋራዥ ፎቶ ስጠይቀው «መስታወቱን እኛ ነን በልኩ ቆርጠን የምናስገባልሽ፣ ፎቶ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። ይሄ ችግር አለው?

የመኪና መስታወት ባለሙያ

አለው እንጂ! ልጄ፣ ቀብዱን እንዳትልኪ።

ያንቺ መስታወት ቴምፐርድ የሚባለው ነው። ከ600 ዲግሪ በላይ ይግልና በአየር ቶሎ ይቀዘቅዛል። ላዩ ተጨምቆ ይቀራል፣ ውስጡ ደግሞ ተወጥሮ። ጥንካሬውም የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ሲሰበር እንደ ቢላ ከመሰንጠቅ ይልቅ እንደ ጨው ፍሬ የሚበተነውም ለዚሁ ነው። ቴምፐርድ አንዴ ከተሠራ በኋላ አይቆረጥም። መቁረጫ ሲነካው እንዳለ ይደቃል። «እንቆርጥልሻለን» ካሉሽ የሚያስገቡት ሌላ ነገር ነው፤ የቤት መስኮት መስታወት ወይም ፕላስቲክ። የመኪናሽ ጣሪያ ደግሞ ጎበጥ ያለ ነው፤ ዝርግ መስታወት አይተኛበትም። የቤት መስታወት በሕፃን ራስ ላይ እንዲሰቀል አልፈቅድም።

ለምን በራሱ እንደፈነዳም ከዚሁ ይገባሻል። ጠርዙ ላይ ትንሽ ድንጋይ ነክታው ብትሆን ያን ቀን ምንም ላይታይ ይችላል። ከቀናት በኋላ ፀሐይ ሲያገኘው ወይም መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ውጥረቱ ይለቀቅና ባንዴ ይደቃል። አነዳድሽ ላይ ጥፋት የለም።

መልስ፦ የአይ ዲ ፎር ባለቤት፣ አያት

እህቴ፣ የእኔ ፎልክስዋገን አይ ዲ ፎር ነው። የኔ የማይከፈት ነው፤ ጣሪያው ላይ በማጣበቂያ የተጣበቀ አንድ ትልቅ መስታወት። ያንቺ የፊቱ በብሎን ከመክፈቻው ጋር የሚታሰር ስለሆነ ሥራው ይለያል። ግን የኋላው መስታወትሽም ተነክቶ ከሆነ የኔ ታሪክ ይጠቅምሻል። ስለዚህ «በብሎን ነው የሚታሰረው ወይስ የሚጣበቅ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን የማያውቅ ሰው ያን መኪና ከፍቶ አያውቅም።

እኔ አልጠየቅኩም። የገጠሙልኝ በሲሊኮን ነው፤ ያ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን። ሽታው ሦስት ቀን ሙሉ መኪናው ውስጥ ነበር። በኋላ የነገረኝ ሌላ ባለሙያ ነው፤ ያ ሽታ አሲድ ነው፣ ብረቱን ያዝገዋል። የመኪና መስታወት የሚጣበቀው በፖሊዩሬቴን ነው። አሮጌው ማጣበቂያ በቢላ ሳስቶ ይላጣል፣ ማጣበቂያው እንዲይዝ ፕራይመር የሚባል ቅብ ይቀባል፣ ከዚያ አዲሱ ይደረጋል። ሲሊኮኑን ፍቆ ለማጽዳት ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ። ሁለት ጊዜ ከፈልኩ ማለት ነው።

ሌላው፣ የሚሠሩበት ቦታ ጣሪያ አለው ወይ በይ። አሁን ክረምት ነው። የሚጣበቅበት ቦታ እርጥብ ከሆነ አይይዝም፤ ብርድ ሲሆን ደግሞ መድረቂያው ይረዝማል። «ከስንት ሰዓት በኋላ ልንዳው?» ብለሽ ስትጠይቂ ማጣበቂያው ቱቦ ላይ ያለውን ጽሑፍ አይቶ የሚመልስ ሰው ይሻላል። እንደየዓይነቱ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ቀን ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ በር በኃይል አትዝጊ፣ አንድ መስኮት በጥቂቱ ክፍት ይሁን። ላቫጆም ይቅርብሽ።

መልስ፦ ከሻርጃ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሻርጃ ያገለገሉ መለዋወጫዎች ሰፈር ነው የምሠራው። «ከዱባይ ይመጣል» ያለሽ ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ግን አራት ነገር አጣሪ።

አንደኛ፣ በሊብሬሽ ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ወስዷል ወይ? 17 ፊደልና ቁጥር ነው። «ቱሳን 2017» ብቻ ብሎ የሚያዝ ሰው የተሳሳተ መስታወት ሊያመጣ ይችላል፤ ያው ሞዴል ፓኖራሚክ የሌለውም አለ። ሁለተኛ፣ አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ? ያገለገለ መጥፎ አይደለም፤ ከአደጋ መኪና የወጣ ኦሪጅናል ከማይታወቅ ኮፒ ይበልጣል። ግን የጠርዙን ፎቶ በአራቱም በኩል ጠይቂ። ጋሼ እንዳሉት ነገሩ ሁሉ ጠርዙ ላይ ነው፤ ጥፍር የምታክል ጉዳት ካለችበት ተይው። ሦስተኛ፣ መስታወቱ ብቻውን ነው የሚመጣው ወይስ ከሥሩ ማሰሪያውንና የዙሪያ ጎማውን ይዞ? ያለዚያ ለብቻው መግዛት ይመጣል። አራተኛ፣ መንገድ ላይ ቢሰበር ኪሳራው የማን ነው? ይሄ በጽሑፍ ይሁን። በካርቶን ብቻ ተጠቅልሎ የተላከ መስታወት ተሰብሮ ሲደርስ በዓይኔ አይቻለሁ። በእንጨት ሳጥን ካልሆነ አልልክም።

መልስ፦ ኢንሹራንስ ውስጥ የሠራሁ

ማንም ያላነሣው አንድ ነገር አለ። ኢንሹራንስሽ ምን ዓይነት ነው? ሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ ያንቺን መስታወት አይሸፍንም፤ እሱ ለሌላ ሰው ለምታደርሽው ጉዳት ነው። ሙሉ ሽፋን ካለሽ ግን ምንም ነገር ሳትነኪ ዛሬውኑ አሳውቂ። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ አሠርተው ደረሰኝ ይዘው ይመጣሉ፣ ጉዳቱን ያየ ሰው ስለሌለ ክርክር ይነሣል። የደቀቀውን መስታወት ከነፍርፋሪው ፎቶ አንሺ፣ ታርጋው አብሮ ይታይ። ከዚያ ፕሮፎርማ፣ ማለትም የጋራዡን የዋጋ ማቅረቢያ፣ ይጠይቁሻል። ፕሮፎርማው ላይ «የሰንሩፍ ሥራ» ብቻ ተብሎ አይጻፍ፤ መስታወቱ፣ ጎማው፣ የእጅ ዋጋው፣ ጽዳቱ ለየብቻ ይዘርዘር። ከካሳው ላይ የሚቀነስ ያንቺ ድርሻም ስላለ መጀመሪያ አስቢው፤ አንዳንዴ ከራስ ኪስ መክፈል ይሻላል።

መልስ፦ ከቨርጂኒያ

እዚህ አሜሪካም ሰው በዚሁ ይቸገራል። ብዙዎቻችን መስታወት ሁሉ በኢንሹራንስ በነፃ የሚቀየር ይመስለናል። ለምሳሌ ፍሎሪዳ ውስጥ ከኪስ ሳይከፈል የሚቀየረው በሕግ የፊት መስታወት ነው፤ ሰንሩፍ እዚያ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ እዚህ ያላችሁ ወገኖች ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት «ሰንሩፍ» የሚለውን ቃል ጠርታችሁ ኢንሹራንሱን ጠይቁ። ቤት ድረስ መጥተው የሚሠሩትም ሰንሩፍ እንሠራለን ማለታቸውን አረጋግጡ፤ ብዙዎቹ የፊትና የጎን ብቻ ነው የሚሠሩት።

በተጨማሪ የሻንሲ ቁጥሩን በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ የጥሪ ማስታወቂያ፣ ማለትም አምራቹ ጉድለት አግኝቶ መኪናውን ለጥገና የጠራበት ማስታወቂያ፣ እንዳለበት እዩ። ሃዩንዳይ በ2012 ቬሎስተር የሚባለውን ሞዴሉን በዚሁ በፓኖራሚክ መስታወት ምክንያት ጠርቶ ነበር። እንዲህ ያለ ጥሪ ካለ ጥገናው ነፃ ነው።

የመኪና መስታወት ባለሙያ

አንድ የረሳሁት አለ። ከገጠሙልሽ በኋላ ሰንሩፉን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር መክፈቻና መዝጊያውን እንደገና እንዲማር መደረግ አለበት። ይህ ካልተደረገ መሃል ላይ ይቆማል፣ ወይም ዕቃ ሲያገኘው የሚመለስበት ነገር አይሠራም። ሕፃን ስላለሽ ይሄን ሳታዪ አትውጪ። እጅሽን ግን እንዳታስገቢ፤ የተጠቀለለ ካርቶን አድርጊና ዝጊው፣ ሲነካው ወደ ኋላ መመለስ አለበት። መስታወቱንም በጥፍርሽ ዳብሺው። ከፊት በኩል ከጣሪያው በጣም በትንሹ ዝቅ፣ ከኋላ እኩል ወይም በትንሹ ከፍ ይበል። ከፊት ከፍ ካለ በፍጥነት ስትነጂ ያፏጫል።

የቱሳን ባለቤት፣ ከ19 ቀን በኋላ

አልጠፋሁም። ርካሹን ተውኩት። ከዱባይ አስመጣለሁ ያለው ጋራዥ የሻንሲ ቁጥሬን ተቀብሎ የመስታወቱን ጥግና አራቱን ጠርዝ ፎቶ ላከልኝ። ያገለገለ ነው፣ ኦሪጅናል ነው፣ ጎማው ከነማሰሪያው አለ። ቀብዱን ያስገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። ኢንሹራንሴ ሙሉ ሽፋን ነበር፤ ከእኔ ድርሻ የተረፈውን ከፈሉ።

ሲሠሩ ቆሜ አየሁ። ፍርፋሪውን በቫክዩም ሲስቡ አንድ ቆርቆሮ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የቀኙ የፊት ቱቦ እንደተባለው ተደፍኖ ነበር። ልጁ በቀጭን ሽቦ ቀስ ብሎ አወጣው፣ ሰባት ፍሬ ቆጠርኩ። ከዚያ በማንቆርቆሪያ ጥጉ ላይ ውሃ አፈሰሰ። ጎንበስ ብዬ ከፊት ጎማው ኋላ ስጠብቅ መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለ፣ ቀጥሎ ወረደ። አራቱንም እንደዚያ አደረግን። ካርቶኑንም ሞከርኩት፤ ነካው፣ ተመለሰ።

ደረሰኙ ላይ «ውሃ ቢያስገባ እስከ ሦስት ወር በነፃ» ብሎ በእጁ ጽፎ ማኅተም አደረገበት። ትናንት ማታ ያን ሁሉ ዝናብ ውጪ አሳደርኳት፤ ጠዋት የጣሪያውን ጨርቅ በመዳፌ ዳበስኩት፣ ደረቅ ነው። እስከ መስከረም ጠብ ካለ እዚሁ እጽፋለሁ።