የኩቺ ዋሻ ከአባቴ ጋር፦ ግማሽ ቀን ይበቃል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር ከአባቴ ጋር ቬትናም፣ ሆ ቺ ሚን ከተማ እንሄዳለን። አባቴ የድሮ ወታደር ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የቬትናም ተዋጊዎች ከመሬት ስር የተጠቀሙበትን የኩቺ ዋሻ ሳላይ አልመለስም ብሏል። ግን ጉልበቱን ያመዋል። እኔን ደግሞ ጠባብ ቦታ ያፍነኛል። የግማሽ ቀን ጉብኝት ያዋጣናል?

መልስ፦
ያዋጣችኋል። እኔ እናቴን ይዤ ሄጃለሁ። የጠዋቱን ያዙ፣ ከሰዓት ሙቀቱ አይቻልም። ዋሻው የሚጎበኘው በሁለት ቦታ ነው፦ ቤን ዲን ለከተማው ይቀርባል፣ ግን ሰው ይበዛዋል። ቤን ዱኦክ ራቅ ቢልም ጸጥ ያለ ነው። እናቴ ዋሻው ውስጥ አልገባችም፤ ከላይ ያለው በቂዋ ነበር። አስጎብኚው ቅጠሉን ጠርጎ ትንሽዬ የእንጨት ክዳን ሲያነሳ፣ «በዚህች ሰው ይገባል?» ብላ አፏን ያዘች። የአየር ቀዳዳዎቹን የምስጥ ኩይሳ አስመስለው ነው የሠሯቸው። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በእጅ የተቆፈረ ነው እኮ!

ሌላ መልስ፦
ለጎብኚ የተከፈተውን አስፍተውታል፣ በየመሃሉም መውጫ አለው። እኔ በመጀመሪያው ወጣሁ፤ ማንም ምንም አላለኝም። አንድ ነገር ግን፦ ግቢው ውስጥ የተኩስ መለማመጃ አለ። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። አባትህ ድንገት እንዳይደነግጡ ቀድመህ ንገራቸው። ካሳቫውንም ይቅመሱ። ተዋጊዎቹ ይበሉት የነበረ ነው፤ ተቀቅሎ ከኦቾሎኒ ጋር ይቀርባል።

ጠያቂው፦
የተኩሱን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ተባረኩ። ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ።