ሆስፒታል ለተኛ ሰው በየቀኑ የሚቀዳ ደም፦ ኤአይ «ይቅር» ካለ ይቅር?

ሲስተር ሶሊ፦ እስቲ ዛሬ በዚህ እንከራከር። አሜሪካ ነው የምሰራው፣ ሊነጋጋ ሲል በሽተኛ ከእንቅልፉ ቀስቅሰን ለሲቢሲና ለኬሚስትሪ (ለደም ሴል ቆጠራና ለደም ኬሚካል ምርመራ) እንቀዳለን፣ ትናንት ኖርማል ከትናንት ወዲያም ኖርማል፣ ግን ኦርደሩ (የሐኪሙ ትዕዛዝ) አንዴ «በየቀኑ» ተብሎ ስለገባ ማንም አይነካውም። የሆስፒታል ሐኪሞች ማህበራቸው በ2013 የተረጋጋ በሽተኛ ላይ ይሄን አትደጋግሙ ብሎ ነበር፣ ማን ሰማ? ማሽን ለርኒንጉ (ከዳታ የተማረው የኤአይ ሞዴል) ያለፉትን ውጤቶች፣ ትኩሳቱን፣ የልብ ምቱን አይቶ የነገው ሄሞግሎቢን (የደም ማነስ መለኪያው) አይለወጥም ካለ ኦርደሩን ይዝጋው ነው የምለው።

ዶ/ር ናቲ፦ ይጠቁመኝ እሺ፣ መዝጋት ግን አልስማማም። ሞዴሉ የተማረው ከተቀዳው ደም ነው እኮ፣ ያልተቀዳለት ሰው ውጤት ዳታው ውስጥ የለም። ደሞ የሆስፒታል ኮምፒውተር ሲስተም የሚሰራውን ኩባንያ፣ የኤፒክን፣ የሴፕሲስ (ኢንፌክሽን ሰውነትን ክፉኛ ሲጎዳ) መጠቆሚያ ሞዴል አስታውሱ፣ ስንቱ ሆስፒታል ከገባ በኋላ ሚሺጋን ላይ ሲፈተሽ ከሴፕሲስ ታማሚዎቹ 67% አምልጠውታል፣ 2021 ላይ የወጣ ጥናት ነው። ሆዱ ውስጥ እየደማ ያለ ሰው ቢያመልጠን ፍርድ ቤት የሚቆመው ሞዴሉ ነው?

ሲስተር ሶሊ፦ ዶክ የሚያመልጠውን ብቻ ነው የምትቆጥረው። አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ በቀን 40 ሚሊ ሊትርና ከዛም በላይ ይቀዳል፣ እራሳችን ደም ማነስ አምጥተን ደም እንሰጣለን፣ እሱስ ጉዳት አይደለም?

አቤል ላብ፦ እኔ ጎንደር ነኝ፣ እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) አልቋል ይባልና በሽተኛው ውጪ ሄዶ ከኪሱ ከፍሎ ያሰራል። ትርፍ ምርመራ ግን የለም አልልም፣ ዋይዳልና ዌልፌሊክስ (የታይፎይድና የታይፈስ የደም ምርመራዎች) ምን ሊባል ነው? ራሱን ያመመው ሁሉ «ታይፎይድ ታይፈስ» ተብሎ መድኃኒት ይዞ ይወጣል፣ በአንድ ዋይዳል ታይፎይድ እንደማይረጋገጥ ተምረነው ሳለ። እሱን ለማስቀረት ኤአይ አያስፈልግም፣ ክሊኒኩ ገቢውን ማጣት ስለማይፈልግ ነው።

ሂሩት፦ ከእስራኤል። ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች ጋ ጤነኛ ሆነን ኒውትሮፊላችን (አንዱ የነጭ ደም ሴል ዓይነት) ዝቅ ብሎ መገኘቱ የታወቀ ነው፣ በዘር የመጣ እንጂ በሽታ አይደለም። በሌላ ህዝብ ዳታ የተማረ ሞዴል እኛን ሁሌ ችግር አለባቸው ብሎ ነው የሚያየን፣ ስለዚህ ለሌላው ሲቀንስ ለኛ ድገሙ ሊል ነው። ይሄን ያሰበበት አለ?

ዶ/ር ናቲ፦ ሂሩት ጥሩ ነጥብ። እኔ ደሞ ቀላሉ መጀመሪያ ይሞከር ነው የምለው። «በየቀኑ» የሚለውን ምርጫ ከኮምፒውተሩ አውጡት፣ ቲዩቡን (ደሙ የሚቀዳበትን ብልቃጥ) አሳንሱት። ካናዳ 25 አይሲዩ ላይ ትንሽ ቲዩብ ተሞክሮ ደም አነሰን ተብሎ የተበላሸ ምርመራ ከቁጥር የማይገባ ነው። ማሽን ለርኒንግ የለበትም።

ሲስተር ሶሊ፦ ቲዩቡ ቢያንስም መርፌው ያው ነው! ደም ስሯ የጠፋ አሮጊት ላይ ሶስቴ የምወጋው እኔ ነኝ አንተ አይደለህም። «በየቀኑ» ቢወጣም ሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም) ማታ ማታ በአንድ ክሊክ መልሶ ያዘዋል። እሺ እንዲህ ይሁን፣ ሞዴሉ ይዝጋ፣ ሐኪሙ ምክንያት ጽፎ መክፈት ይችላል።

ዶ/ር ናቲ፦ ምክንያት ጻፉ የሚለው ሳጥን ውስጥ ነጥብ አስገብተን ነው የምናልፈው ሶሊ፣ ሁላችንም 😄