አስቸኳይ! የውስኪ ቡሽ ጠርሙሱ አንገት ላይ ተሰብሮ ቀረ

ባለቤቱ_ለንደን፦
ሰዎች እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ማታ እንግዶች አሉብኝ። አርድሞር የሚባለውን የስኮትላንድ ውስኪ ስከፍት ቡሹ ለሁለት ተሰበረ። ግማሹ አንገቱ ላይ ቀርቷል፣ ፍርፋሪው ውስጥ ገብቷል። በክፍተቱ ሳሸተው ደግሞ ጭስ ጭስ አይልም። ጭስ አለው ተብዬ ነው የገዛሁት። ተበላሽቶ ነው? ልድፋው?

ጌች፦
እንዳትደፋው! አድራሻህን ላክ፣ እኔ ጉሮሮዬ ውስጥ እደፋልሃለሁ።

ጋሼ_አበርዲን፦
ጠርሙሱ ተጋድሞ ነበር የተቀመጠው? ከሆነ ጥፋቱ እሱ ነው። ወይን ጠጅ ይጋደማል፣ ቡሹ እንዳይደርቅ። ውስኪ ግን ሁልጊዜ ቆሞ ነው የሚቀመጠው። አልኮሉ ብርቱ ስለሆነ ቡሹን እየበላ ያፈራርሰዋል። ይሄን ያህል ብር አውጥቶ ገዝቶ አቀማመጡን አለመጠየቅ አይገባኝም።

ባለቤቱ_ለንደን፦
ተጋድሞ ነበር ጋሼ። አሁን ግን ምን ላድርግ?

እሙዬ፦
የወይን መክፈቻውን በዳር በኩል አስገባ። ቀስ እያልክ አዙር፣ ወደ ታች አትጫን። እምቢ ካለ ወደ ውስጥ ግፋው። ከዚያ ጆግ አፍ ላይ የቡና ማጣሪያ ወረቀት አድርገህ አጥልለው። ወረቀቱን ቀድመህ በሙቅ ውሃ አለቅልቀው፣ ጣዕሙን እንዳይሰጠው። ሃይላንድ ውስጥ እንዳትገለብጠው፣ ንጹህ የመስታወት ጠርሙስ ፈልግ።

ደሬ፦
የቡና ማጣሪያ ወረቀት ተጠቀም፣ አሪፍ ነው።

ጌች፦
ደሬ፣ ከላይ ተብሏል እኮ።

ብቅል_ወዳጅ፦
ቡሹ መላ አግኝቷል። እኔ የማልስማማው «ጭስ ስለሌለው ተበላሽቷል» ያልከው ላይ ነው። አልተበላሸም ወንድሜ። አርድሞር የሃይላንድ (የስኮትላንድ ደጋማው ክፍል) ውስኪ ነው፣ ጭሱ ቀለል ያለ። ፋብሪካው በፈረንጆች 1898 የተሠራው ቲቸርስ ለሚባለው ቅይጥ ውስኪ እንዲያቀርብ ነበር። የገብሱን ብቅል በፒት ጭስ ያደርቁታል። ፒት ማለት ረግረግ ውስጥ ለዘመናት ሲብላላ ከኖረ ሣርና ሥር ተቆርጦ፣ ደርቆ የሚነድ ነገር ነው። አርድሞር ብቅል ላይ የሚቀረው የጭስ ቅመም ከሚሊዮን 12 እስከ 14 እጅ ገደማ ነው። የአይላ ደሴቱ ውስኪ ላፍሮይግ ወደ 40 ይጠጋል። አንተ የጠበቅከው ያንን፣ አዮዲን አዮዲን የሚለውን ይመስለኛል። የዚህኛው ጭስ በወይራ ከታጠነ ጋን የተቀዳ ጠላ ላይ እንደሚቀረው ሽታ ነው። መጀመሪያ ማርና ፍራፍሬ ይመጣል፣ ጭሱ ከዋጥክ በኋላ ነው ብቅ የሚለው።

ስለዚህ ከምግብ በፊት አቅምሳቸው። በርበሬ ምላስ ላይ ካረፈ ይሄን ጭስ ማንም አያገኘውም። ዕጣኑም ይቆይ፣ በዕጣን ቤት ውስጥ ቀላል ጭስ መለየት አይቻልም። በረዶም አታብዛበት፣ ቅዝቃዜ ሽታውን ይደብቀዋል። ጥቂት ጠብታ ውሃ ይበቃል።

ጋሼ_አበርዲን፦
የዕጣኑ ነገር ልክ ነው። ግን የያዝከው 46 ፐርሰንቱ ከሆነ ውሃ ወይ በረዶ ሲነካው ትንሽ ሊደፈርስ ይችላል። አቀዝቅዘው ስላላጣሩት ነው። ፎርጅድ ነው ብለህ እንዳትደነግጥ።

ባለቤቱ_ለንደን፦
ወጣልኝ! ግማሹ ግን ተፈረፈረ። አሁን ወረቀት ልገዛ እየወጣሁ ነው። የተረፈውን በምን ልክደነው?

እሙዬ፦
የሌላ ውስኪ ቡሽ ካለህ አጥበህ ሞክር፣ ብዙ ጊዜ ልክ ይመጣል። ከሌለህ ክዳኑ በክር የሚዘጋ የወይን ጠርሙስ ይሆንሃል። የወይኑ ሽታ እስኪለቅ እጠበው፣ በደንብ ሳይደርቅ ግን አትቅዳበት።