ሞታውን ወይስ ስታክስ? ወይስ ሁለቱም የሙዚቀኞችን ላብ በልተዋል?

ባለሸክላው፦
ትናንት ከጓደኛዬ ጋር ስንከራከር አመሸን። እሱ የድሮዎቹ የሶል ሙዚቃ አሳታሚዎች በጥቁር ሙዚቀኞች ላብ የከበሩ ነጋዴዎች ናቸው ባይ ነው። እኔ አልስማማም። የሞታውን መሥራች ቤሪ ጎርዲ እኮ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በ1959 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከቤተሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ ሞታውን የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ጀመረ። ዲትሮይት ውስጥ ተራ መኖሪያ ቤት ገዝቶ ስቱዲዮ አደረገው። ስቲቪ ወንደር፣ ማርቪን ጌይ፣ ዳያና ሮስ ከዚያች ቤት ነው የወጡት። ጥቁር ሰው በራሱ ድርጅት የራሱን ሙዚቃ ለመላው አሜሪካ ሸጠ። ይሄ ውለታ ይረሳል?

ቤዝ ወዳድ፦
ወንድሜ፣ ከጀርባ የነበሩትን ዘለልካቸው። የሞታውን ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጄመርሰን ጊታሩን በአንድ ጣት ነበር የሚመታው፣ በቀኝ አመልካች ጣቱ ብቻ። ጥሩ ኢርፎን አድርግና ዘፋኙን ትተህ እሱን ተከተል፤ ከሥር ሌላ ዜማ ሲሄድ ትሰማለህ። በ60ዎቹ የወጡት አብዛኞቹ ሸክላዎች ላይ ግን ስሙ የለም። ሞታውን በ1972 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። በ1988 በ61 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ጄመርሰን ከሞተ 5 ዓመት ሊሞላው ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የሜምፊስ ልጅ፦
እኔ ከሜምፊሱ የሶል አሳታሚ ከስታክስ ጋር ነኝ። ኤስቴል አክስተን ቤቷን አስይዛ ተበድራ ለወንድሟ ለጂም ስቱዋርት መቅረጫ ማሽን ገዛች። ስቱዲዮው የድሮ ሲኒማ ቤት ነበር፣ ወለሉ ተዳፋት እንደሆነ ቀረ፣ የዘፈኖቹ ድምፅም ከዚያ አዳራሽ የመጣ ነው ይባላል። ፈንዲሻ ይሸጥበት የነበረውን ቦታ የሸክላ መሸጫ ሱቅ አደረገችው። የሰፈሩ ልጆች እዚያ ቆመው ያዳምጣሉ፣ እሷ የትኛው ዘፈን እንደሚይዛቸው ታያለች። ያኔ ሜምፊስ ውስጥ ጥቁርና ነጭ አብረው ምሳ መብላት እንኳ ፈተና ነበር። የስታክስ ባንድ ቡከር ቲ እና ኤም ጂዎቹ ግን ሁለት ጥቁር፣ ሁለት ነጭ ሆነው በአንድ ክፍል ይጫወቱ ነበር።

ባለሸክላው፦
እህቴ፣ የስታክስ የመጀመሪያ ባለቤቶች ግን ነጮች ነበሩ። ለዚህ ነው ሞታውን የምለው።

የሜምፊስ ልጅ፦
እነሱም ተበልተዋል! ስቱዋርት በ1965 የስታክስን ሸክላዎች ከሚያከፋፍለው ትልቅ አሳታሚ ከአትላንቲክ ጋር ውሉን በደንብ ሳያነብ ፈረመ። አትላንቲክ ለሌላ ድርጅት ለዋርነር ሲሸጥ ነው ነገሩ የወጣው፦ አትላንቲክ ያከፋፈላቸው ሥራዎች ማስተር (ዋናው ቅጂና መብቱ) የስታክስ አልነበረም። ትልቁ ዘፋኛቸው ኦቲስ ሬዲንግ በታኅሣሥ 1967 በአውሮፕላን አደጋ ሞቶባቸው ሐዘን ላይ እያሉ ዘፈኖቹም ከእጃቸው ወጡ። ድርጅቱ በ1975 ከሰረ።

ቤዝ ወዳድ፦
እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። የጥቁርና የነጭ ባለቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ማስተሩ በማን እጅ ነው? ሩት ብራውን በ50ዎቹ አትላንቲክን በእግሩ ያቆመች ዘፋኝ ናት። በኋላ ልጆቿን ለማሳደግ በሰው ቤት ሠርታለች። ያልተከፈላትን ሮያሊቲ (ከሸክላ ሽያጭ የሚደርሳትን ድርሻ) ለማግኘት እስከ 80ዎቹ መጨረሻ ታገለች፣ እሷ ስለታገለች ሌሎችም ተከፈላቸው።

ባለሸክላው፦
የሩትን ታሪክ አላውቅም ነበር። ጓደኛዬ በዚህ ረቶኛል፣ እነግረዋለሁ። ጎርዲን ግን አሁንም ነጋዴ ብቻ አልለውም። ያንን በር ሌላ ማን ይከፍተው ነበር?

የሜምፊስ ልጅ፦
ስታክስም በሩን አልዘጋም። ሕንፃው በ1989 ፈርሶ ነበር። ዛሬ በዚያው ቦታ ሙዚየም ቆሟል፣ አጠገቡ የሰፈሩ ልጆች ሙዚቃ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ።